ሰልፋችን ቦይ የገባ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ንጉሡን ያወረድኩት እኔ አይደለሁም።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጆሮ ደግፍ ይዞኝ፣ አገጬና አንገቴ አንድ ሆነው፣ እናቴ ፊቴን በሻሽ ጠምጥማልኝ ግድግዳ ሥር ተኝቼ ነበር። ንጉሥ ማውረድ ቀርቶ ምራቄን ማውረድ አቅቶኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ዱባ መጣች» እያሉ በበር ቀዳዳ ሊያዩኝ ይመጡ ነበር እንጂ፣ ስለ መንግሥት ጉዳይ ሊያማክረኝ የመጣ ሰው አልነበረም።

ይህን የምለው ሳልጠየቅ አይደለም፤ በየቀኑ እየተጠየቅሁ ነው። አምቦ ውስጥ፣ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ ዕድሜው ከሠላሳ በታች የሆነ ሰው ሁሉ ስኳር ለምን እንደጠፋ፣ ሳሙና ለምን እንደ ብስኩት እንደሳሳ፣ የላምባ ሰልፍ ለምን እንደማያልቅ መልስ መስጠት አለበት። አባባ መራራ ሻያቸውን ፉት ባሉ ቁጥር ብርጭቆውን ያስቀምጡና አሻግረው ያዩኛል።

«አወረዳችሁት አይደል? በሉ እንግዲህ ጠጡት!»

የሚጠጡት እሳቸው፣ የምሰደበው እኔ።

መልስ አልሰጥም። ተፈጥሮዬ ነው፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት «ይህ የማን ነው?» ሲባል «የእኔ» ማለት አፍሬ፣ የራሴን ዱቄት ተከትዬ የወሰደችው ሴት ቤት ድረስ ሄጃለሁ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆሜ ብታየኝ «ምን ፈለግሽ ልጄ?» አለችኝ። ውኃ ለመንኳት። ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ መንግሥት ገለበጠች የሚሉት።

አባባ የሚቆጩበት ነገር እንዳላቸው አልክድም። በአራተኛ ክፍል ትምህርት የመንገድ ሥራ ዕቃ ቤት ጸሐፊ ሆነው፣ ከምንኖርበት ሌላ አንድ ቤት ሠርተው ነበር። መሠረቱ ጥርብ ድንጋይ፣ ሁለት ሰፋፊ ክፍል፣ ሰማያዊ በር። አዋጁ ሲወጣ ትርፍ ቤት ተባለና ተወረሰ። መወረሱ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይረሱት ነበር። ቀበሌው ግን ቤቱን የኅብረት ሱቅ አደረገው። ስለዚህ አባባ በኩፖን ስኳር ለመቀበል የሚቆሙት ራሳቸው ባሠሩት ቤት፣ ራሳቸው ቀለሙን በመረጡት በር ላይ ነው። በሩን ባዩት ቁጥር ደማቸው ይፈላል። ታዲያ ማንን ይውቀሱ? አዋጁን ያወጡትን እንዳይወቅሱ፣ ያን የሞከረ ሰው የት እንደሚያድር ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ቅርብ ነኝ። ወጥ አቀርባለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ፣ ዝም እላለሁ። ለመወቀስ እንደ እኔ የሚመች ሰው በአገሩ የለም።

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ቤት መሥራት ጀምሬ ነበር» ይላሉ። «አንቺስ? ሥራ የለሽ፣ ገቢ የለሽ። የዛሬ ወጣት!»

እኔ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፌያለሁ። ከአባባ በሁለት ክፍል እበልጣለሁ ማለት ነው፤ ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ባለፍኩበት ክረምት እናቴ አረፈች። ለቅሶው ሲያበቃ «ቤቱን ማን ይያዘው?» ተባለ፤ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ያዝኩት። ይኸው ስምንት ዓመት እንደያዝኩት ነው። «ሥራ የለሽም» የምባለውም እሱኑ ይዤ ነው። የማለፊያ ወረቀቴን አባባ ከተወረሰው ቤት ካርታ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተኝተው ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም።

ሰልፋችን ቦይ በገባበት ክረምት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መጣልኝ ስል ያመጣችልኝ ጫልቱ ናት፤ የጎረቤታችን የኦቦ ዲንሳ ልጅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ስላልመጣላት ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። ለእኔ ሊሰጥ የነበረው ምላስ በስህተት ለእሷ ተጨምሮ የተሰጣት ይመስለኛል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ሻይና ቦምቦሊኖ እንሽጥ» አለችኝ። «ዱቄት ከእናንተ ቤት፣ መጥበሻና አግዳሚ ወንበር ከእኛ። አንቺ ትጠብሻለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ።»

የጎደለን ስኳር ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ተለማምጄ፣ አንድ ቀን ማታ እራት ሳቀርብ ለአባባ ነገርኳቸው። ለወጡ ይሁን ለእሳቸው እንደምናገር ሳይለይ፣ ዓይኔን ከሰሃኑ ሳላነሳ። አባባ አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«ይሁን» አሉ። «የሚመጣው ስኳር ሁለት ኪሎ ነው። አንዱ ያንቺ። ካበላሸሽው ግን ዳግመኛ የሥራ ወሬ እንዳላነሺብኝ፤ ሸነን አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

ሸነን ማለት አገር ብቻ አይደለም። አክስቴ እዚያ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አዘጋጅታልኛለች፤ አራት ልጆች፣ ሰባት ላሞችና ጥቂት ጥርሶች አሉት። እኔ ስሄድ በምትኬ የአክስቴ ትንሿ ልጅ መጥታ የአባባን ቤት ትይዛለች። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል። በእኔና በዚያ ሰውዬ መካከል የቆመው አንድ ኪሎ ስኳር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰልፋችን ላስረዳ። በእኛ ቀበሌ ለስኳር ሰው አይሰለፍም፤ ድንጋይ ነው የሚሰለፈው። ስኳር ይመጣል ተብሎ የተወራ ቀን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንጋይ ያመጣና ከሱቁ በር ጀምሮ በተራ ያስቀምጣል። ስኳሩ እስኪመጣ ድንጋዩ ይቆማል፣ ሰው ሥራውን ይሠራል። የሰው ድንጋይ ማንቀሳቀስ የሰው በር ሰብሮ ከመግባት እኩል ነው። የእኛዋ ከተወረሰው ቤት መሠረት የተረፈች ጥርብ ድንጋይ ናት፤ አባባ እንዳትሳሳት አንድ ጎኗን ኖራ ቀብተዋታል። ስድስተኛ ነበረች። ሰባተኛዋ የኦቦ ዲንሳ ቀይ ድንጋይ ናት፤ መሐሏ የተበሳ፣ ዱሮ የጋሪ ፈረሳቸውን የሚያስሩባት። ድንጋይ ያልተመቸው ሌላ ዕቃ ያስቀምጣል። አቶ ከድር፣ ቀድሞ ራሳቸው ስኳር ይሸጡ የነበሩት ነጋዴ፣ የተሰበረ ሚዛናቸውን አንዱን ሳህን አርባኛ ላይ አስቀምጠዋል። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ የአንድ እግር ኮንጎ ጫማ ነበረች፤ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያ ሰልፍ ሁለት ወር ቆመ። ስኳር ግን የለም። በድንጋዮቹ ዙሪያ ሣር በቀለ፣ ዶሮዎች ተቀመጡባቸው። አባባ በየጠዋቱ ደርሰው ይመለሱና «አሁንም ስድስተኛ ነን» ይሉኛል፤ ድንጋይዋ በሌሊት ተነሥታ የምትሄድ ይመስል።

አንድ እሑድ የወጣት ማኅበሩ ለልማት ዘመቻ ጠራን። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስሙ በስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ስሜ በሰው ፊት ከሚነበብ ተራራ ብሸከም እመርጣለሁ። ሥራው ከሱቁ ፊት ባለው ቦይ ላይ መሻገሪያ ማበጀት ነበር። ቦዩ የላይ ሰፈርን ዝናብ ሰብስቦ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ይወስዳል፤ በክረምት ለመሻገር መዝለል ያስፈልጋል። «ወጣት እያለ እኛ እንዝለል?» እያሉ መሻገሪያ ይሠራልን ብለው የጮኹት ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። እነሱ ስለጠየቁ ነው።

ሁለት ጫፋቸው የተቆረጠ አሮጌ በርሜሎች ቦዩ ውስጥ አጋድመን፣ ዙሪያቸውንና ላያቸውን በድንጋይ መሙላት ጀመርን። እኩለ ቀን ሳይሆን ድንጋይ አለቀብን። አስተባባሪያችን ከሌላ ቀበሌ የተላከ ሰው ነበር። ግራ ቀኝ አየና ወደ ሱቁ በር ጠቆመ።

«ያ ሁሉ ድንጋይ ተደርድሮ ምን ይሠራል? አምጡት!»

ያ ረድፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ ከእሱ በቀር አንድም ሰው የለም። «የሰው ተራ ነው» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። አስተባባሪው «አቤት እህት?» ብሎ ሲያየኝ ግን ማሳል ጀመርኩ፤ ሳሉም እስከ መጨረሻው አላቆመም።

ጫልቱ መናገር ትችል ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት ኦቦ ዲንሳ በቁርስ ምትክ ስድብ ነበር ያቀረቡላት፤ «ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጠሽ የምትበዪው ከድንጋይ በምን ትሻያለሽ?» ብለዋት ነበር። ቀጥ ብላ ሄዳ ቀይዋን ድንጋይ አነሣች።

«ስኳሩ እንደሆነ አይመጣም» አለች። «እዚህ ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ይሂድ። ከእኛ ሰፈር ቢያንስ ድንጋዩ ሥራ ያግኝ!»

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀረም። እኔም የእኛዋን አነሣሁ። ሳላውቃት አይደለም፤ ኖራ የተቀባውን ጎኗን ወደ ሆዴ አዙሬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወሰድኳት። ከባድ ናት። አባባ ያን ቤት ሲሠሩ ምን ያህል እንደደከሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቢሆንም ወረወርኳት። የግራ እጄን ጣት ቀጥቅጣኝ ወደቀች፤ ጥፍሬ ወዲያው ጠቆረ። የተሸከምኳትን ያህል እሷም የታዘበችኝ መሰለኝ። አርባኛው ላይ ያለችው የሚዛን ሳህንና ጫማዋ ብቻ ድንጋይ ስላልሆኑ ባሉበት ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ ማንም ከቤቱ አልወጣም፤ ማንም አላየም።

ስኳሩ ለሁለት ወር የጠፋው ያቺን እሑድ ሲጠብቅ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት «መጣ! በጋሪ እየተጫነ ነው!» ተባለ።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ኩፖኑን በደረት ኪሳቸው ይዘው ወጡ። «ነይ» አሉኝ። «ስድስተኛ ነን።» በሕይወቴ በደስታ ሲናገሩ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱ ይህ ነበር። ጥቁር ጥፍሬን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ተከተልኳቸው።

አዲሱን መሻገሪያ ተሻገርን። «ጥሩ ሥራ ነው» እያሉ ነው የተሻገሩት። ከዚያ ቀና ሲሉ ባዶውን ሜዳ አዩት። ሣሩ መካከል ድንጋዮቹ የተኙበት ጉድጓድ ብቻ ተደርድሯል። በረድፉ ላይ የቀሩት አንድ የሚዛን ሳህንና አንድ እግር ጫማ ነበሩ። ከሳህኑ አጠገብ አቶ ከድር ቆመዋል። አንደኛ።

«እኔ ምንም አልነካሁም» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አርባኛ ነበርኩ። ከፊቴ የነበረው ሁሉ ሄደ። ምን ላድርግ፣ ተከትዬ ልሂድ?»

ሽማግሌው ሁሉ እየመጣ ባዶ ጉድጓዱ ላይ ይቆም ጀመር። ኦቦ ዲንሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ኢጆሌ ሀርዳ!» አሉ፤ የዛሬ ልጆች ማለታቸው ነው። «ሌላ ማን ይሆናል? ንጉሡን አወረዱ፣ ፈረሴን ገደሉ፣ አሁን ደግሞ ድንጋይ በሉ!»

«ፈረሱ በእርጅና ነው የሞተው፣ አባ» አለች ጫልቱ።

«በንጉሡ ጊዜ አላረጀም ነበር!»

«እርስዎም ያን ጊዜ አላረጁም ነበር።»

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ? ስሙልኝ! በዚያ ዘመን ፈረሴ ይበላው የነበረውን ገብስ ዛሬ እኔ አባቷ አላገኘውም። ማን አመጣው ይህን? መሬት መሬት እያለ በየመንገዱ የጮኸው ማን ነው? እኔ ነኝ? ፈረሴ ነው?»

ጫልቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ይህን ካደረገች ወዲያ እንደማትመለስ አውቃለሁ።

«የጮኹት እኮ የእኛ ታላላቆች ናቸው። እነሱም የሉም፤ የት እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ። እኛ ያን ጊዜ ንፍጣችንን አንጠርግም። እናንተ በአራተኛ ክፍል ጸሐፊ፣ በስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ሆናችሁ። እኔ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያገኘሁት ሥራ የትናንቱን ድንጋይ መሸከም ነው፣ እሱም በነጻ። ወንበሩን ሁሉ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ‘ለምን ቆማችሁ’ ትሉናላችሁ!»

«ወንበር?» አሉ አባባ። «የምን ወንበር? ይህን ቤት ታያለሽ? ይህን በር? ይህን ቤት እኔ...»

ሰማያዊው በር ተከፈተ። የሱቁ ሻጭ ጋሽ ታደሰ፣ የቀበሌው ሰው፣ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። አባባ ቃሉን ጉሮሯቸው ላይ ያዙት። ወደፊት እንዳይሄድ ጋሽ ታደሰ አሉ፤ ወደኋላ እንዳይመለስ ቁጣው ሞልቷል። ዞር አሉና በእኔ ላይ አራገፉት።

«ይህችም ያው ናት! ዝም ትላለች እንጂ ያው ናት!»

ያን ጊዜ ነው ኦቦ ዲንሳ መሻገሪያውን አጎንብሰው ያዩት። ቀይዋ ድንጋይ በቀዳዳዋ በኩል ታያቸዋለች። «ያ ዋቃ! አምላኬ!» ብለው ጮኹ። «ድንጋዬን ቀብረዋታል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓይኔ ባያይ አላምነውም ነበር። ለዘመቻ ሲጠሩ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ነስር አለብኝ የሚሉ ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ቦይ ገቡ። አንዱ ዶማ አመጣ። «የእኔ ይህቺ ናት!» «የለም፣ ያንተ ጠጠር ነበረች!» «ጠጠር አባትህ!» እየተባባሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይፈነቅላሉ። አባባ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ ኖራ የተቀባችዋን አግኝተው፣ ታቅፈው ወጡ። እኔ ትናንት እንደያዝኳት አድርገው ነው የያዟት፤ ነጩን ጎን ግን ወደ ውጭ።

«ማን ነው ይህቺን የተሸከማት?» አሉ። ጫልቱ እኔን አላየችም፤ አለማየቷ ግን ከማየት ይብስ ነበር።

ወጣቱ «ሙሉ ቀን የለፋንበትን አታፍርሱ!» ይላል። ሽማግሌው «ተራችንን መልሱ!» ይላል። ድንጋዮቹ እንደገና ተሰለፉ፤ ግን ስድስተኛ ነበርኩ የሚል ሰው አራት፣ አንደኛ የሚል ሰባት ሆነ። ትናንት ድንጋይ ያልነበረው ሰው ሁሉ ከቦይ አውጥቶ አሰለፈ። ሰማንያ ቤት ባለበት ቀበሌ ከመቶ በላይ ድንጋይ ቆመ። አቶ ከድር ሳህናቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው «እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ ይመዝገብልኝ» ይላሉ። ከላይ ሰፈር ደግሞ ሌላ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ቦዩ መሙላት ጀመረ። መሻገሪያው ላይ የቀሩት በርሜሎቹና በላያቸው የተረሱ ጥቂት ድንጋዮች ብቻ ናቸው።

ጋሪው የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ሁለት ኩንታል ስኳር። በፊት ቢሆን ባለጋሪው መንገዱ ዳር ያቆምና ወዛደሮች በትከሻቸው ያሻግሩት ነበር። ትናንት መሻገሪያ ተሠርቷል ሲባል ሰምቷል፤ ፈረሱን ሳያቆም ነዳው።

«ቁም!» አልነው፤ ወጣቱም ሽማግሌውም። ያን ዕለት ሁላችንም የተስማማንበት ቃል ይህ ብቻ ነው። ቃሉ ግን ዘገየ። ድንጋይ ያልደገፈው በርሜል ከሥሩ ተንከባለለ። ጋሪው ተንሸራተተ፣ አንዱ ጎማ ቦይ ገባ፣ አንዱ ኩንታል ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ውኃው ውስጥ ተጋደመ።

ጆንያው መጀመሪያ ነጭ አረፋ አወጣ። ቀጥሎ መሳሳት ጀመረ። ሁለት ወር የጠበቅነው ስኳር በዓይናችን ፊት እየሟሟ ወደ ሁሉቃ ወረደ። ኦቦ ዲንሳ አጎንብሰው ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩና ቀመሱ።

«ጣፍጧል» አሉ፤ በኀዘን።

ወዲያው ጩኸቱ ተነሣ። «እናንተ ባትፈነቅሉ!» «እናንተ ባትቀብሩ!» አባባ ግን አልጮኹም። ወደ እኔ ዞረው፣ በቀስታ ነው የተናገሩት።

«ይኸው። ያንቺም ኪሎ ሄደ። እናንተ የነካችሁት ነገር ሁሉ ይሟሟል። በይ ልብስሽን አሰናጂ፤ ሸነን ትሄጃለሽ።»

ጥቂት ጥርሶች ያሉት ሰውዬ ታየኝ። አራቱ ልጆች ታዩኝ። ከዚያ የሆነውን በትክክል አላስታውስም፤ ጫልቱ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። ኮታቸውን መሬት ላይ ጣልኩ አሉ። ጥቁር ጣቴን ቀሰርኩ አሉ። ያ ለሃያ አንድ ዓመት ያልወጣኝ ድምፅ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ድንጋይዎን የተሸከምኳት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ! ንጉሡን ግን አላወረድኩም! ሰባት ዓመቴ ነበር! ጆሮ ደግፍ ነበረብኝ! ሥራ የለሽም ይሉኛል፤ ስምንት ዓመት ቤትዎን የያዘው ማን ነው? ያለፍኩበት ወረቀት ሳጥንዎ ውስጥ ነው! የቆለፉበት እርስዎ ነዎት! ቤትዎን የወሰዱብዎትን እዚያ ሄደው ይጠይቁ፤ እኔ የወሰድኩት አንድ ድንጋይ ነው!»

ፈረሱ እንኳ ጆሮውን አቆመ። ጋሽ ታደሰ ያልሰሙ ለመምሰል በሩን መጥረግ ጀመሩ፤ በሩን እንጂ ደጁን አይደለም።

«ምን አለች?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«ጆሮ ደግፍ ነበረብኝ ነው ያለችው» አሉ አቶ ከድር።

«መጥፎ በሽታ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ቆጥረው ሲጨርሱ ጫልቱን አዩ፤ እንደገና ቆጠሩ።

ፈረሱንና የተረፈውን ኩንታል ያወጣነው ተጋግዘን ነው። ተጋግዘን ስል እየተሰዳደብን። ጋሽ ታደሰ ስኳሩ ስለተጋመሰ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ኪሎ መዘኑ። አንደኛም ስድስተኛም አርባኛም እኩል ደረሰው። ያ ሁሉ ድንጋይ በከንቱ ነው የተሰለፈው። የአንድ እግር ጫማ ባለቤት ብቻ አልመጣም።

ቤት ስንገባ አባባ ኪሎዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። እኔ ድምፄ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ በር አጠገብ ቆሜ የቀሚሴን ጫፍ እጠቀልላለሁ። አንድ ኪሎ ናት። የእሳቸው ሻይ አለ፣ የእኔ ቅዳሜ አለ።

«ሰባት ዓመትሽ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

«ጆሮ ደግፍ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ኩፍኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ይቅርታው ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ተነሥተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ወረቀቴን የሚሰጡኝ መስሎኝ ተጠጋሁ። ያወጡት ግን አንድ ፓኮ ሻይ ቅጠል ነው፤ ከማንም ደብቀው ያስቀመጡት፣ ጠርዙ ቢጫ እስኪሆን ያረጀ። ስኳሯ ላይ አስቀመጡና ሁለቱንም ወደ እኔ ገፉ።

«ያለ ቅጠል ሻይ አይፈላም» አሉ። ሳጥኑን መልሰው ቆለፉት።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ቦምቦሊኖ ጠበስኩ፣ ጫልቱ ጮኸች። የመጀመሪያ እንግዶቻችን አባባና ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። አግዳሚውን ለሁለት ያዙት፤ ተነሡም ሊላቸው የደፈረ የለም። ከአዲስ ዓለም የመጡ መንገደኞች ቆመው ሻያቸውን ሲጠጡ አባባ እግራቸውን አነባብረው ያስረዷቸዋል።

«የዛሬ ወጣት ሥራ አይወድም» አሉ። እኔ ከአጠገባቸው መጥበሻው ላይ ላቤን እየጠረግሁ ነው። «እኛ በእነሱ ዕድሜ ቤት ሠርተናል። እነሱ ቁጭ ብለው መብላት ነው።» ይህን ሲሉ ሦስተኛውን ቦምቦሊኖ እያነሡ ነበር። ኦቦ ዲንሳ «ፈረስ እንኳ ያን ጊዜ ይሠራ ነበር» ብለው አከሉበት። መንገደኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጫልቱ አፏን ከፈተች፤ በክርኔ ነካኋት፤ ዘጋችው።

የአባባን ብርጭቆ ተቀብዬ እንደገና ሞላሁላቸው። ማንኪያውን ስኳሩ ውስጥ ከተትኩ፤ አሰብኩ፤ ስኳሩን መልሼ በባዶው ማንኪያ አማሰልኩ። ብዙ አማሰልኩ፤ ድምፁ ደስ እንዲላቸው። አባባ ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ። ብርጭቆውን አስቀምጠው ለመንገደኞቹ አሳዩ።

«ይኸው ተመልከቱ» አሉ። «በንጉሡ ጊዜ ሻይ እንዲህ አልነበረም።»

ስለዚህ አሁንም እደግመዋለሁ፤ ንጉሡን ያወረድኩት እኔ አይደለሁም። ያቺን ማንኪያ ስኳር ግን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህች ሊወቅሱኝ ይችላሉ።